ሦስት ፖስታ

ማክሰኞ ምሽት ነው። ነፋሱ ከባሕር ዝናቡን እያመጣ
የአዳራሹን መስኮት እንደ አበዳሪ ያንኳኳል በቁጣ።
ሰባት ወንበር አለ፤ በስድስቱ ሰው አለ፤
በሰባተኛው ላይ የሞርዌና ካፖርት
እየተንጠባጠበ ተንጠለጠለ።

ሞርዌና ጸሐፊ ናት የፔንቮር ምክር ቤት፤
ደመወዟ በሳምንት የአሥር ሰዓት፤
የቀረውን ሰዓት ማንም አይቆጥርላት።

"ተራ ቁጥር ዘጠኝ" አለች በለሆሳስ፣
"አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ለወደቡ ራስ።"
ፓስኮ ከነጀልባው ከቀረበት ውሃ ትይዩ እንዲተከል፤
እናቱ እስከ ዛሬ ቆማ ነው የምታይ፣ ጉልበቷ እስኪዝል።

ደንቡ ግን ደንብ ነው፤ ገጽ አሥራ አራት፦
ከአምስት መቶ ፓውንድ ለበለጠ ግዢ
ሦስት ዋጋ ይቅረብ በታሸገ ፖስታ፤
በጉባኤ ይከፈት፤ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤
ዘመድ ያለው ይውጣ፣ ለጊዜው፣ ከቦታ።

ታምሲን ተነሣች። ሰብሳቢዋ እሷ ናት።
ከሦስቱ ባንደኛው የጆሪን እጅ ጽሑፍ ከሩቅ ለየችው፤ ወንድሟ ነው፣ ታላቋ፤
ብርጭቆዋን ይዛ ወጣች፤ በመስተዋቱ በር ይታያል ጀርባዋ፣
በኮሪደር ግድግዳ የእሳት አደጋ መመሪያ ስታነብ፣
ለመቶኛ ጊዜ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ
ፊደል በፊደል ስታነበንብ።

የመጀመሪያው ፖስታ ከሩቅ ፋብሪካ፤ ከቀለጠ የላስቲክ ጠርሙስ
የተሠራ ወንበር፤ የሃያ ዓመት ዋስትና፤ ከነማድረስ
ስድስት መቶ አርባ።

ሁለተኛው የጆሪ፤ በእርሳስ የተሣለ፤
የኦክ እንጨት፤ "መደገፊያው ሰፋ ይላል፣ ለሻይ ኩባያ" ያለ፤
ስድስት መቶ ሰማንያ አምስት።

ሦስተኛው አንድ መሥመር፦ "ሥራ በዝቶብናል፣ ይቅርታ አድርጉልን።"
ይሁን፤ መጠየቅ ነው፣ ማግኘት አይደለም ደንቡ ያዘዘን።

ሄድሊ ጠረጴዛውን መታ። "አርባ አምስት ፓውንድ! እሱ ነው የሚያጣላን?
ሁለቱ ልጆች አንድ መረብ የጎተቱ!
የማን ወረቀት ነው ጆሪን የሚነሣን?"

ሞርዌና አልመለሰች። ወደ ኋላ ገለጠች የቃለ ጉባኤውን መዝገብ፣
የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ላይ ጣቷን አኖረች፤
አላስፈለገም ማንበብ።
የወደቡን ግንብ ያለ ፖስታ ሰጡት፤ "እናውቀዋለን" ተብሎ፣ በጭብጨባ፣
ለሄድሊ የእህት ልጅ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ።
አሸዋው በዛበት፤ ሲሚንቶው ሌላ ቤት ገባ።
በሦስተኛው ክረምት ባሕሩ አንድ ጊዜ ገፋ አደረገው፤
ከዚያ ግንብ ሥር ነበር
ፓስኮ ጀልባውን ያሰረው።

ገጽ አሥራ አራት
ከዚያ ሌሊት በኋላ የተጻፈ ነው።

ሄድሊ መዳፎቹን አየ። ቆይቶ አንዱን አነሣ፣ ለላስቲኩ።
የቀሩትም አነሡ።
"ታምሲን፣ ግቢ" አሏት።

ወንበሩ በሰኔ ደረሰ፣ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ።
ለመትከያው ስልሳ ፓውንድ፤ ይህ ከጣሪያው በታች ነው፣ ፖስታ አይጠይቅም፤
ጸሐፊዋ ብቻዋን ትፈርማለች፤
ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም።

ጆሪ ዓርብ በጠዋት መጣ፣ መሰርሰሪያውን ይዞ፤
ተንበርክኮ አራት ብሎን አጠበቀ፣ ተክዞ።
ሲሄድ በቀኝ መደገፊያው ላይ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፦
መዳፍ የምታህል የኦክ ገበታ፣
ለኩባያ ቂጥ ልክ የተቦረቦረች።
ደረሰኙ ላይ የለችም።

ለምክር ቤት የመጣ ስጦታም ይመዘገባል (ገጽ ሃያ ሁለት)።
ሞርዌና መዝገቡን አወጣች። ሰጪ፦ ጆሪ ናንካሮው። ዕቃ፦ የኦክ ቁራጭ፣ አንድ።
"የተገመተ ዋጋ" ከሚለው ዓምድ ስትደርስ
ብዕሯን እንደያዘች ሻይዋ ቀዘቀዘ።
በመስኮቱ፣ ወደቡ ራስ ላይ፣ አንዲት ሴት
ቀስ ብላ ስትቀመጥ አየች፤
ከዚያም ኩባያ፣ ሳትይዘው፣ ቆመላት።

ዓምዱ እስካሁን ባዶ ነው።
ኦዲተሩ በሚያዝያ ይመጣል።